ሳምቡሳውን ለአራት የሚቆርሰው ልጅ ደብተሩን ለምን ይሸፍናል?

ለድሬዳዋ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆች፣ ለርዕሳነ መምህራን፣ የከተማችንን የትምህርት ሥራ ለምትመሩ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ፤

እኛ ድሬዎች «አንቱ» ማለት አይሆንልንም እየተባለ ይቀለድብናል። ቀልዱ ከእውነት የራቀ አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሳስተምር ተማሪዎቼ «ቲቸር አንቺ» ሲሉኝ ነው የኖሩት፤ አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥም ጠንከር ያለ ቃል ብታገኙ በድሬ ልጅነቴ እለፉኝ።

የማስተምረው አራተኛ ክፍል ነው። ዘንድሮ 58 ልጆች ነበሩኝ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንዱ ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ለመጻፍ ያነሳሳኝን ነገር ያየሁት ግንቦት ውስጥ፣ የክፍሉ ቆርቆሮ እንደ ምጣድ በሚግልበት ሰሞን ነው።

በእረፍት ሰዓት ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተጠግቼ ቆሜያለሁ። አንድ ተማሪዬ በር ላይ ከምትሸጠው ሴትዮ አንዲት ሳምቡሳ ገዝቶ መጣ። ሦስት ጓደኞቹ ወዲያው ከበቡት። ሳምቡሳን ለአራት መክፈል እንደምታስቡት ቀላል አይደለም፤ ቅርጹ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ሲቆረስ ምስሩ ይፈሳል። ልጁ ግን ልምድ ያለው ሰው ይመስላል። ሦስቱን ጫፎች እየሰበረ ለሦስቱ አደላቸው። መሃሉን ምስር የሞላበትን ለራሱ ሊያስቀር ነው ብዬ ሳይ፣ በቁመት ከሁሉም የሚያንሰውን ልጅ አየት አድርጎ ለእሱ ጨመረለት። ለራሱ የቀረው ቅባት የጠጣ ጠርዝ ነበር። እሱን ጎረሰና ጣቶቹን ላሰ። ከዚያ ሃይላንዱን አወጣ። ውሃው ከግማሽ በታች ነው፤ ሞቆም ይሆናል። አፍ ሳያስነኩ ከላይ እያንጠለጠሉ ሁሉም ጠጡ። አንደኛው ደጋግሞ ሲጎነጭ «አቦ አስተርፍ እንጂ!» ተባለ፤ የከለከለው ግን የለም።

ደወል ተደወለ፣ ገባን፣ የሒሳብ የክፍል ሥራ ሰጠሁ። ያው ልጅ ግራ ክንዱን በደብተሩ ዙሪያ እንደ አጥር አዙሮ፣ ግንባሩ ዴስኩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ይጽፋል። ከጎኑ የተቀመጠው ቅድም ከሃይላንዱ የጠጣው ጓደኛው ነው። ጓደኛው ላጲስ ጠየቀው። ልጁ ክንዱን ሳያነሳ ራሱን ነቀነቀ። ጠጋ ብዬ «ላጲስ እኮ ነው የጠየቀህ» አልኩት።

«አይ ቲቸር» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ካዋስኩት አርሞ ይበልጠኛል።»

ስለ ልጆች ደግነት ስናወራ ሁልጊዜ የምንጀምረው ከጉድለት ነው። የዛሬ ልጅ አያካፍልም፣ የዛሬ ልጅ ለሰው አያዝንም፣ ስልክ አበላሸው እንላለን። እኔ ያን ቀን ያየሁት ሌላ ነው። ልጁ ደግነቱን ከቤቱ ይዞ መጥቷል፤ ግቢ ውስጥ አብሮት ነበር። የክፍሉን ደፍ ሲሻገር ግን አውልቆ አስቀመጠው። ክፍሉ ደግሞ የኔ ነው። ማን እንዳስወለቀው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስብ ከረምኩ፣ መልሱም እኔን የሚያኮራኝ ሆኖ አላገኘሁትም።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ተመልሷል፤ ጥሩ ነው፣ እኔም አስተምረዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው መንፈቅ ዓመት ፈተና ላይ «ጓደኛህ እርሳስ ቢጠፋበት ምን ታደርጋለህ?» የሚል ጥያቄ አውጥቼ ነበር። ሃምሳ ስምንቱም ልጆች «አካፍለዋለሁ» የሚለውን ፊደል መረጡ። አንድም የሳተ የለም። መልሱን ሲጽፉም እንዳይኮረጅባቸው በክንዳቸው ሸፍነው ነው። እኔም በመደዳው መሃል እየተንጎራደድኩ «ሸፍኑ! ሸፍኑ!» እላለሁ።

ፈተና ላይ መሸፈኑ እንኳ ይሁን። ግን ፈተና በዓመት ስንት ቀን ነው? ልጁ የተማረው ሁልጊዜ መሸፈንን ነው።

ሌላም ጥፋቴን ልናዘዝ። ከእናንተ ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ይህንን ያውቃል፦ መምህሩ ከክፍል ሲወጣ የክፍሉ አለቃ ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሽ» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ስም ይደረድራል። የደገመ ካለ ከስሙ ጎን የኤክስ ምልክት ይጨመርበታል። መምህሩ ተመልሶ ሲመጣ ስማቸው ያለው ቅጣታቸውን ይቀበላሉ። እኔ በልጅነቴ ስሜ ተጽፎብኛል፤ መምህርት ሆኜ ደግሞ ለዓመታት አጽፌያለሁ። አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። የክፍል አለቃው ጠመኔውን ይዞ ሰሌዳው ላይ ይደራደራል። አንዱ «ነገ ብስኩት አመጣልሃለሁ፣ አጥፋልኝ» ይላል። ሌላው «የሱን ሦስት ኤክስ አድርገው፣ ትናንት ኳስ ከልክሎኛል» ይላል። የአሥር ዓመት ልጅ በእጁ ጠመኔ ስለያዘ ጉቦ እየተደራደረ ነው። ሥልጣኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ረባሽ መጻፍን አስቀረሁ። በምትኩ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ተቃራኒውን አደረግኩ፤ አለቃው «ሰው የረዳ» ብሎ ስም እንዲጽፍ፣ አርብ አርብ ስሙ የበዛ ልጅ እስክሪብቶ እንዲሸለም። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ ውስጥ እርሳስ እንደ ዝናብ መውደቅ ጀመረ። አንዱ ሆን ብሎ ይጥላል፣ ተባባሪው ያነሳለታል፤ ከዚያ ሁለቱም ቀና ብለው «ቲቸር አየሽኝ?» ይላሉ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ ግቢ ውስጥ ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ፣ ሊያነሳት የሮጠው ልጅ መጀመሪያ ዞር ብሎ የፈለገው እኔን ነው። እያየሁት መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው ያነሳት።

ቆይቶ እንዳነበብኩት ይህ የኔ ክፍል ጉድ ብቻ አይደለም። ፌሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 20 ወር የሞላቸውን ሕፃናት ፈትነው ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ ሕፃን ሰው ዕቃ ሲወድቅበት አይቶ፣ ማንም ሳያዘው አንስቶ ያቀብላል። ተመራማሪዎቹ ለአንዳንዶቹ በረዱ ቁጥር መጫወቻ ሰጡ፤ ሌሎቹን አመሰገኑ፤ ለቀሩት ምንም አላደረጉም። በኋላ ሽልማቱ ሲቀር፣ መጫወቻ ሲቀበሉ የነበሩት ከሌሎቹ ያነሰ መርዳት ጀመሩ። እስክሪብቶውን ያቆምኩት በዚያ ሰሞን ነው። እውነቱን ለመናገር በጀቱም ከኪሴ ነበርና ሁለት ጊዜ ተገላገልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ደግነት በምክር ካልሆነ፣ በሽልማትም ካልሆነ፣ በምን ይሁን? የቡድን ሥራ ትሉ ይሆናል። እኛ መምህራን ይህን ቃል ስንሰማ መጀመሪያ የሚመጣልን አንድ ለአምስት ነው። ታስታውሱታላችሁ፤ ጎበዙን ተማሪ መሪ አድርገን ከሥሩ አምስት እናደራጅ ነበር። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። እኔ በነበርኩበት ክፍል የሆነው ግን መሪው ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፣ እኔ ፎርማት እሞላለሁ። ጎበዙ ልጅ ሌሎቹን እንደ ጭነት አያቸው፤ ሌሎቹም ራሳቸውን እንደ ጭነት ቆጠሩ። ትብብርን አስተማርን ያልንበት ሰዓት ንቀትንና ጥገኝነትን ያስተማርንበት ሆነ። ስሙ ስለተለወጠ ነገሩ የተለወጠ አይምሰላችሁ፤ ዛሬም «የቡድን ሥራ» ስንሰጥ አንዱ ሠርቶ ስድስት ስም ይጻፍበታል።

ይህን ጥፋት በትክክል የነገረችኝ አንዲት እናት ናት። ልጇ በክፍላችን አንደኛ የምትወጣ ናት። ለቡድን ሥራ የጋራ ነጥብ ሰጥቼ ልጅቷ ሁለት ነጥብ ስታጣ፣ እናቷ ከቀፊራ ገበያ ዘንቢሏን እንደያዘች በቀጥታ መጣች። ሽንኩርቱ ከዘንቢሉ እየወጣ ነው፣ እሷ እየተናገረች ነው። «ልጄ አምሽታ ነው የሠራችው። ያልሠራ ልጅ የሷን ነጥብ ለምን ይወስዳል? ይሄ ነው መተባበር? ይሄማ መዘረፍ ነው!» በጊዜው ተከራከርኳት። ማታ ቤቴ ስተኛ ግን እውነቷን መሆኑ ገባኝ። ልጅን በሌላ ልጅ ስንፍና ምክንያት ስንቀጣው ያንን ልጅ እንዲጠላው ነው የምናስተምረው።

መፍትሔውን ያገኘሁት እናትየዋ የተናገረችውን ይዤ ሳነብ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቴክሳስ ግዛት ኦስቲን በምትባል ከተማ ነጭ፣ ጥቁርና ከሜክሲኮ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ክፍል ሲደባለቁ ጠብ በረከተ። ኤሊየት አሮንሰን የሚባል የሥነ ልቦና መምህር ክፍሎቹን እንዲያይ ተጠራ። ያየው ነገር ለኛም እንግዳ አይደለም፦ መምህሩ ይጠይቃል፣ ልጆች «እኔ! እኔ!» እያሉ እጅ ያወጣሉ፣ አንዱ ሲጠራ ሌሎቹ እንዲሳሳት ይመኛሉ። ጎረቤትህ ቢሳሳት ላንተ ዕድል ነው። አሮንሰን ልጆቹን ስለ መዋደድ አልሰበካቸውም። ትምህርቱን ቆራረጠው። ለአምስት ወይም ለስድስት ልጆች አንድ ምዕራፍ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ብቻ ይደርሰዋል፤ ቀሪውን የሚያገኘው ከጓደኞቹ አፍ ነው። ፈተናው ግን የግል ነው፤ እያንዳንዱ ስለ ሙሉው ምዕራፍ ለብቻው ይፈተናል፣ ነጥቡም የራሱ ነው።

እናትየዋ የጎደለኝን ነገር ነግራኝ ነበር ማለት ነው። ነጥቡ የግል፣ እውቀቱ ግን ያለ ጓደኛ የማይገኝ። ጎበዟ ልጅ የሌላውን ሥራ አትሸከምም፤ ግን ሌላውን ሳትሰማ ማለፍ አትችልም።

ክፍል ውስጥ ስሙን «ገጣጥም» አልነው። የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግኩት በአካባቢ ሳይንስ፣ ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፈው ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው። ልጆቼ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በሌሊት የመጣውንና ከ200 በላይ ሰው የወሰደውን ጎርፍ አያውቁትም፤ አልተወለዱም። ወላጆቻቸው ግን ያውቁታል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ምዕራፉን አምስት ቦታ ከፈልኩት፦ ደቻቱ ለምን አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ እንደሚከርም፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በዚያ ሌሊት የሆነው፣ ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የተሠራው ግንብ፣ አምስተኛው ደግሞ የድሮ ሰዎች ጎርፍ መምጣቱን በምን ያውቁ እንደነበር። አምስተኛውን ከመጽሐፍ አልሰጠኋቸውም፤ ቤት ሄደው ትልቅ ሰው እንዲጠይቁ ነው።

አሥር ቡድን ሆኑ፤ ስምንቱ ስድስት ስድስት፣ ሁለቱ አምስት አምስት። ስድስት ባሉበት አንዱን ቁራጭ ሁለት ልጆች ያዙት። ቁራጮቹን በእጄ ጽፌ በካርቶን ላይ ነው የለጠፍኩት፤ ፎቶ ኮፒ አላስፈለገኝም።

በአንዱ ቡድን ውስጥ አንደኛ የምትወጣው ያች ልጅ አለች። በዚያው ቡድን ቤቱ ሶማሊኛ የሚነገርበት፣ ከሽንሌ በኩል የመጣ፣ አማርኛ ገና አፉ ላይ የሚጎረብጠው ልጅ አለ። አምስተኛው ቁራጭ የደረሰው እሱ ነው። ተራው ሲደርስ «አዎዌ ነገረኝ...» ብሎ ጀመረ። ቡድኑ ሳቀ። «አዎዌ ምንድን ነው?» አያቱን ማለቱ ነበር። ልጁ ደነገጠ፣ ቃል ፈለገ፣ አጣ። ልጅቷ «አቦ ቶሎ በል!» አለችው። ዝም አለ። ደወል ተደወለ።

በማግሥቱ ፈተንኳቸው። አንዱ ጥያቄ «ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደቻቱ እንዴት ሊሞላ ይችላል?» የሚል ነበር። የዚያ ቡድን ልጆች አንዳቸውም አልመለሱትም። አንደኛዋም አልመለሰችውም። እንባዋ ሲመጣ አየሁ። እናቷ ዘንቢሏን ይዛ ስትመጣም ታየኝ፤ ግን አልመጣችም፣ ነጥቡ በልጇ በራሷ ነበር የጠፋው።

በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ምዕራፍ ደገምኩት፤ እንደምፈትናቸውም ነገርኳቸው። ያች ልጅ ምን አደረገች መሰላችሁ? ከሌላ ቡድን ሶማሊኛ የሚችል ልጅ ለመነች፤ አልፈቀድኩም። ተመልሳ ሄዳ ከልጁ ፊት ለፊት ቁጭ አለችና አገጯን በእጇ ደግፋ «ቀስ ብለህ፣ በምትችለው» አለችው። እሱም በእጁ ተራራ ሠራ፣ ከተራራው ላይ ጣቶቹን እንደ ዝናብ አወረደ፣ ከታች ያለውን ዴስክ በመዳፉ ጠራርጎ አሳየ። «እዚህ ፀሐይ፤ ደንገጎ ጥቁር። ከብት ቶሎ ከአሸዋ ማውጣት» አለ። አያቱ የነገሩት ይህን ነው፤ ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ተራራው ላይ ባለችው በደንገጎ በኩል ከጠቆረ ከብቱ ከደረቁ አሸዋ ይነሳል። ድሬ የተኛችው በ1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከደቡብ ያሉት ተራሮች ከ2,000 በላይ ይደርሳሉ። ዳገቱ ላይ የዘነበው ለመውረድ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከሰጠኋቸው ካርቶን ሁሉ ይልቅ የአያትየው ትምህርት ይበልጥ ገባቸው።

ያን ቀን ሰሌዳው ላይ የጎርፍ ስም በሦስት ቋንቋ ተጻፈ፤ ጎርፍ፣ ሎላ፣ ዳድ። ሎላን የነገረን ቤቱ ኦሮምኛ የሚነገርበት ልጅ ነው፤ ዳድን ያ ልጅ።

ላሳምራችሁ አልፈልግም። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ ተናጋሪ አልሆነም፤ ነጥቡም መካከለኛ ነው። ልጅቷም መልአክ አልሆነችም፤ ትናደዳለች፣ ትፎካከራለች። ግን «ቶሎ በል» ማለቷን ተወች። ስላዘነችለት አይመስለኝም። የሚያውቀው ነገር ስላለና ስላስፈለጋት ነው። እኔ ደግሞ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል ብትሉኝ፣ ከማዘኑ ይልቅ ማስፈለጉን እመርጣለሁ። ማዘን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው።

ችግሩንም ልደብቃችሁ አይገባም። ገጣጥም ጫጫታ አለው። አንድ ጊዜ ኃላፊ «መምህር የለም እንዴ?» ብሎ በሩን ከፍቶታል። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አይበቃም። ልጅ ሲቀር ደግሞ ቁራጩን ይዞት ይቀራል፤ ገበያ ቀን እናቱን ሊያግዝ የሚቀር ልጅ ብዙ ነው። ለዚህ ነው አንዱን ቁራጭ ለሁለት ልጅ መስጠት የጀመርኩት። በየቀኑም አይሆንም፤ እኔ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የማደርገው።

ይህ ለምን ያስጨንቅሻል የሚል ይኖራል። ሰፈር ከሰፈር የተጋጨባቸውን ቀናት ሁላችንም አንረሳቸውም። ያኔ ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ሳይነገራቸው በሰፈርና በቋንቋ ተከፋፍለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለዓመታት አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ አንዱ ለሌላው ግን አስፈልጎት አያውቅም ነበር። ጎን ለጎን መቀመጥ ብቻውን ምንም እንደማይሠራ ያን ቀን ገባኝ። በዚህ ከተማ ያለ እድር፣ ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት፣ የሐረርጌ ገበሬ ለእርሻ የሚጠራራበት ጉዛ፣ ሁሉም የቆመው ሰው ለሰው በማስፈለጉ ነው። ቀብር ያለ እድር አይሆንም። ክፍላችን ግን ማንም ለማንም ሳያስፈልግ የሚያልፍበት ቦታ ሆኗል።

እና ሰኔ 30 ይመጣል። ካርድ የሚሰጥበት ቀን። ልጁ ከግቢ ሲወጣ የባጃጅ ሹፌሩ «ስንተኛ ወጣህ?» ይለዋል። ባለ ሱቁም ይለዋል። ጎረቤትም ይለዋል። ምን እንዳወቀ የሚጠይቀው የለም። መድረክ ላይ ሦስት ልጆች ይሸለማሉ፤ በኔ ክፍል 55ቱ ያጨበጭባሉ። ዘንድሮ አንድ ልጅ ከአሥራ ሁለተኛ ወደ ሰባተኛ ወጥቶ እያለቀሰ አገኘሁት። ለምን አልኩት። ጓደኛው ስድስተኛ ስለወጣ ነው።

ወላጆች የሚሉኝን አውቃለሁ፤ «ፈተናው ራሱ ውድድር ነው፤ ስድስተኛ አለ፣ ስምንተኛ አለ፣ አሥራ ሁለተኛ አለ፤ ልጄን ከአሁኑ ካላለማመድኩት ይበላል።» እኔም እናት ነኝ፣ ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ነገር ግን የ2014 ዓ.ም.ን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ፉክክር ነው ያመጣው አልልም። ግን እነዚያ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስንተኛ ወጣችሁ ሲባሉ ያደጉ ናቸው፤ ጥያቄው አላዳናቸውም። ደብተሩን ሸፍኖ የሚጽፍ ልጅ የሚያውቀውን ለሌላ ሲያስረዳ የሚማረውንም ያጣል። ልጅ ለልጅ ማስረዳት ሲሞክር ያልገባው የት ላይ እንደሆነ ወዲያው ይታወቀዋል፤ መምህር የሆናችሁ ሁሉ ይህን በራሳችሁ አይታችሁታል።

የምጠይቃችሁ ነገር ብዙ አይደለም። ወላጆች፣ በሚቀጥለው ሰኔ 30 «ስንተኛ?» ከማለታችሁ በፊት «ዘንድሮ ማን አስረዳህ? አንተስ ለማን አስረዳህ?» በሉ። መልስ ካጣ እኔ ጋ ኑ፤ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ከቤት ስትሸኙትም «ደብተርህን እንዳታሳይ» የምትለዋን ቃል ተዉልኝ። ርዕሳነ መምህራን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ክፍለ ጊዜ አጣምረን እንድናስተምር ፍቀዱልን፤ ክፍሉ ሲጮህ ከመቆጣታችሁ በፊት የሚጮኸው ስለምን እንደሆነ አዳምጡ። «ረባሽ» የሚለውን ሰሌዳም ከግቢያችሁ አጥፉ፤ ምንም ወጪ የለውም። የትምህርቱን ሥራ የምትመሩ ደግሞ፣ ቢያንስ እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ «ደረጃ» የሚለው ሳጥን ከካርዱ ይውጣ። ነጥቡ ይቆይ፤ ልጁ በሒሳብ ስንት እንዳመጣ ወላጅ ማወቅ አለበት። ከጎረቤቱ ልጅ በስንት እንደሚበልጥ ማወቅ ግን ለሒሳቡ ምንም አይጨምርለትም። ክፍል ልትጎበኙ ስትመጡም ከዕቅዱ ወረቀት በፊት አንድ ነገር ብቻ እዩልኝ፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ከሌላ ልጅ ጋር ስለ ትምህርቱ ስንቴ ተነጋገረ?

አላምን ያለ ሰው ካለ ይምጣና ይይ። መስከረም ላይ ትምህርት እንደተረጋጋ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሦስተኛና አራተኛ ክፍለ ጊዜን ለገጣጥም አስቤያለሁ። በሩ ክፍት ነው። ትርፍ ወንበር የለኝም፤ ከልጆቹ ጋር ዴስክ ላይ መጠጋጋት ነው። ውሃ ይዛችሁ ኑ፣ ይሞቃል። ከረሳችሁም ግድ የለም፤ አንዱ ልጅ ሃይላንዱን ያቀብላችኋል፣ አፍ ሳታስነኩ ብቻ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት
ድሬዳዋ፣ ነሐሴ